የገብሱ ዳርቻ



ለዛሬው ዲስኩር መጀመሪያ የሰጠሁት ርእስ «የባሕር ዳርቻ እንስሳትን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት» የሚል ነበር። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ አንድ አባት መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ እኛ እዚህ የምናውቀው ባሕር ባሕረ ጥምቀቱን ነው። እሱ ላይ ደግሞ ከእንቁራሪት በቀር ምን አውሬ አለና ነው ፎቶ የምታነሣው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ርእሱን ቀየርኩት፤ ሐሳቡን ግን አልቀየርኩትም። ላስታ ውስጥ፣ ብልባላ ላይ ቆሜ ስለ ባሕር ዳርቻ የማወራበት ምክንያት አለኝና ጥቂት ታገሡኝ።

በስኮትላንድና በኖርዌይ ወጣ ገባ ዳርቻዎች የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች ከካሜራው እኩል ከኪሳቸው የማይለዩት ወረቀት አለ፤ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ምጽዋ ላይ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ካናዳ ውስጥ ፈንዲ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፤ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ከነጣሪያው መስቀል ያሰጥማል ማለት ነው። ውሃው ሲሸሽ ዓለቱ ይገለጣል፤ ሸርጣኑ፣ ኮከብ ዓሣው፣ ዓለት ላይ የሚጣበቀው ባለ ቅርፊቱ ሁሉ ይታያል። እነዚህ ፍጥረታት በአንድ ቀን ውስጥ ውሃ ውስጥም ደረቅ ላይም የሚኖሩ ናቸው። ሰዓቱን ያላወቀ ፎቶ አንሺ ወይ ከውሃ በቀር የሚያነሣው አያገኝም፣ ወይ ደግሞ ዓለቱ ላይ ተንበርክኮ ሌንሱን ሲያስተካክል ውሃው ከኋላው ይከበዋል።

የባሕር ፎቶ ለኢትዮጵያ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1952 እና 1953፣ ጣሊያኖች ዳህላክ ደሴቶች ወርደው ባሕር ውስጥ ፊልም አንሥተዋል፤ የፎልኮ ኩዊሊቺ «ስድስተኛው አህጉር» እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት፣ እጅግ ሲበዛ በፊት፣ የዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ፣ ባሕሩ ራሱ ደናክል ድረስ ገብቶ ነበር። ድንጋይ የሆነው ኮራል ዛሬም ከረባዳው ዳርና ዳር ቆሞ ይታያል። ግን ይህን ሁሉ ያነሣሁት ጨዋታ ለመጀመር ነው። የእኔ ዳርቻ ሌላ ነው።

ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ከታች ጤፉና ማሽላው ይቀራል፤ ስንዴውና ባቄላው ይከተላል፤ ብርዱ ሲጠነክር ገብስ ብቻ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ገብሱም ያልቅና ጓሳው ይጀምራል፤ ጅብራው ብቻውን እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። ከጫፉ ላይ ከባሕር ወለል ከ4200 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ስድስት አሥረኛ ገደማ ነው፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ማረፍ ያሳፍራል እንጂ ነውር የለውም። እንግዲህ ገብሱ አልቆ ጓሳው የሚጀምርበት ያ መስመር፣ አንዳንድ ቦታ በድንጋይ ካብ፣ አንዳንድ ቦታ በአንድ ትልም ብቻ የተለየው፣ እሱ ነው የእኔ የባሕር ዳርቻ። ባሕሩ ገብሱ ነው። ጓሳው ደሴት ነው። በደሴቱ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል።

እውነተኛው ባሕር ሞልቶ ይመለሳል። ሞፈርና ቀንበር ግን አንዴ ሽቅብ ከወጣ የሚወርድበት ሰዓት በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አልተጻፈም። ዦርጀሊና ማሪኖ የተባለች የቀይ ቀበሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት በአገራችን ከ3200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶው እርሻ ሆኗል። በዓለም ላይ ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። የእኛዎቹ በአሥር የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ጎሽ ሜዳ ላይ የነበሩት ጠፍተዋል፤ ጉና ላይ የነበሩትም ጠፍተዋል። ከጉና እስከ እኛ ተራራ ስንት ቀን መንገድ እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

በዚህ ገበሬውን የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። ሽቅብ የሚያርስ ሰው ከታች መሬት ያጣ ሰው ነው። ወቀሳዬ ወደ ራሴ ነው፤ ወደ ሙያዬም ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ለብዙ ዓመት የማነሣቸው ፎቶዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፦ ቀይ ቀበሮ፣ ከኋላው ጓሳ፣ ከጓሳው ኋላ ሰማይ። ሰው የለም። ላም የለም። ካብ የለም። እርሻው ገብቶ ከታየ ጠርዙን እቆርጠዋለሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ በሩቅ ካብለጨለጨ ካሜራዬን ግማሽ እርምጃ አዞራለሁ። ፎቶው ሲታይ አውሬው የሰው ልጅ ባልረገጠው አገር የሚኖር ይመስላል። ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቼ ይወዱታል። ውሸት ነው ግን።

አንድ የጥር ማለዳ ጓሳው አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ቀበሮው ከላሞች መንጋ ውስጥ ገብቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ ድንጋይ ተደግፌ ላሞቹ ገለል እስኪሉ እጠብቃለሁ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት። ላሞቹ ሲሄዱ እሱም አብሮ ይሄዳል። አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣ «ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ። «ቀበሮው ብቻውን እስኪሆን» አልኩት። ሣቀብኝ። «ብቻውን ከሆነማ አይጧ ታየዋለች» አለ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ያላየሁትን ልጁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገረኝ። ቀበሮው በላሞቹ ተከልሎ ነበር የሚያድነው። አይጥ ላም ስትመጣ አትደነግጥም፤ ሳሯን እየጋጠች ትቆያለች፤ ቀበሮው ከላሟ እግር ሥር ይወጣባታል። ተመራማሪዎችም ይህን ባሌ ላይ ጽፈውታል። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ከጭላዳ መንጋ ጋር ሲያደርገው ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ቀበሮው ጭላዳ መሀል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይነካም። ውል ያላቸው ይመስላል።

እኔ እንግዲህ ትልቁን ጉዳይ ከፎቶዬ ለማስወጣት ነበር ብርድ የበላኝ። ላሟን ስቆርጣት አደኑን ቆርጬው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ወደዚሁ ወደ ብልባላ በመጣሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። እዚሁ አጠገባችን አርባዕቱ እንስሳ የሚባል ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። አራቱ እነማን ናቸው? ሰው፣ አንበሳ፣ ላም፣ ንስር። ካህናቱ ከእኔ በላይ ያስተምሩናል፤ እኔ እንደ ፎቶ አንሺ የማየው ይህን ነው፦ ከመንበሩ ሥር የዱሩ አንበሳና የጎረቤታችን ላም ጎን ለጎን ናቸው፣ ሰውም መሀላቸው አለ። ላሊበላ ቤተ ማርያም ውስጥም ነጭና ጥቁር በሬ ሲዋጉ ተሥሏል። የጥንቱ ሠዓሊ «ይሄ የቤት እንስሳ ነው፣ ይውጣልኝ» አላለም።

ስለ እረኞች ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳንድራ ላይና ባልደረቦቿ «ኢኮሎጂ» በተባለ መጽሔት አንድ ነገር አሳተሙ፤ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ የአበባ ማር ይልሳል! ከላይ ቀይ፣ ከታች ቢጫ ሆኖ እንደ ችቦ የሚቆመውን ረጅም አበባ ታውቁት ይሆናል። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፍንጫው በዱቄት ቢጫ ይሆናል፤ ምናልባትም አበባውን ያዳቅላል። ዜናው ዓለምን የዞረው ፈረንሳዊው አድሪየን ሌሳፍር ባነሣቸው ፎቶዎች ነው፤ ሥጋ በል አውሬ ምላሱን አውጥቶ አበባ ሲልስ ያላየ ሰው በወሬ ብቻ አያምንም። ቀይ ቀበሮን ለአሠርት ዓመታት ያጠኑት ክላውዲዮ ሲሌሮ ግን አበባው እንደሚጣፍጥ መጀመሪያ ያወቁት የእረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው እንደሆነ ተናግረዋል። ምሁሩም ቀምሰው አረጋገጡ። ስለዚህ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ከእረኛ ጋር ግማሽ ቀን ዋሉ። ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ፤ ወጣቶቹ የመጣችሁት ለዚህ እንደሆነ ገብቶኛል።

መጀመሪያ ልብስ። ከከተማ የሚመጡ ፎቶ አንሺዎች የወታደር መልክ ያለው ዥጉርጉር ጃኬት ለብሰው ይመጣሉ። እኔም አንድ ነበረኝ። ፈረንጅ አገር አጋዘን ያታልል ይሆናል፤ እዚህ አውሬውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ያስደነግጣል፤ አካባቢያችን ጦርነት ባየባቸው ዓመታት ካሜራና እንዲህ ያለ ጃኬት አንድ ላይ ይዞ መታየት ምን እንደሚያስከትል ለላስታ ሰው አላስረዳም። ቀበሮውም ሆነ ጭላዳው ከተወለደ ጀምሮ ጋቢ የለበሰ ሰው እያየ ነው ያደገው። ጋቢ ለብሶ በዝግታ የሚሄድ ሰው እረኛ ነው፤ እረኛ ደግሞ አያድንም። ጋቢ ከለበስኩ ወዲህ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀርቤያለሁ።

ቀጥሎ ክንድ። ጭላዳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ሳር እየነቀለ በቂጡ እየተንፏቀቀ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ሌሎቹ ዝንጀሮዎች ፍሬ ሲፈልጉ እሱ እንደ በሬ ይግጣል። የወንዱን ጎፈርና ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ሁላችሁም አይታችኋል። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ብትሄዱ መንጋው መሀል ቁጭ ብላችሁ ማንሣት ትችላላችሁ፣ ዞር ብሎም አያያችሁም። እዚህ ግን ገብስ ይዘርፋል፣ ስለዚህም ወንጭፍ ያውቃል። ካሜራውን ከወገብ ወደ ዓይን ባነሣሁ ቁጥር መንጋው እንደ ናዳ ገደሉን ይዞ ይወርድ ነበር። ክንድ ከተነሣ ድንጋይ ይከተላል፤ ከልምድ ያውቁታል። መላው ቀላል ነው። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ወደ ሜዳው ይወጣል፣ መጀመሪያም ተቀምጦ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ፀጉሩን ይፈታተሻል። እናንተ ከዚያ በፊት ደርሳችሁ፣ ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ ደረታችሁ ልክ አቁማችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እነሱ ይምጡባችሁ እንጂ እናንተ አትሂዱባቸው።

ከዚያ ብርሃን። የደጋ ፀሐይ ስትወጣ ወርቅ ናት፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ግን ፊትን በጥፊ እንደ መምታት ናት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ያላነሣችሁትን እስከ ማታ 11 ሰዓት አታገኙትም፤ መሀሉን ለቆሎ ተዉት። ሌላው፣ ካሜራ ሞኝ ነው፤ ያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ጭላዳው ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ካሜራው ያነጣዋል፤ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። አመዳይ በለበሰ ጓሳ ላይ ግን ነጩን ያጠቁረዋል፤ ጨምሩ። ቀበሮው ላይ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው፤ ነጩ ከተቃጠለ በኋላ የሚመልሰው ኮምፒውተር የለምና ለነጩ ተጠንቀቁ፤ ቀዩ ራሱን ያውቃል። ቀበሮው አይጥ ላይ ሲዘል ለመያዝ ሹተሩ ከሰከንድ አንድ ሺኛ መብለጥ የለበትም። ጆሮው ወደ መሬት ዘንበል ሲል ጣታችሁን አዘጋጁ። ትርፍ ባትሪ ከሸሚዛችሁ ውስጥ፣ ከገላችሁ ጋር ይሁን፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። ቤት ስትገቡ ካሜራውን ከቦርሳው ወዲያው አታውጡት፤ የሞቀው ቤት እርጥበት ሌንሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል።

ወፍ ለሚወዱ አንድ ነገር ብቻ። የባሕር ዳር ፎቶ አንሺ ወፍን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው አንገቱን ሰብሮ ሽቅብ እያየ ነው። እኛ ገደል አለን። አጥንት ሰባሪው ትልቁ አሞራ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ተኩል የሚያልፈው፣ ከእግራችን በታች ነው የሚንሳፈፈው፤ ጀርባውን ማየት ይቻላል። አጥንቱን ከፍ ብሎ ዓለት ላይ ይጥለዋል፣ ወርዶ ቅልጥሙን ይበላል። ደጋግሞ የሚጥልበት ዓለት አለው። ነጭ የአጥንት ስብርባሪ የተበተነበት ዓለት ካገኛችሁ ሌላ ቦታ አትዙሩ።

ስለ ነውር ነገሮችም ጥቂት። ቀበሮ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ጉድጓዷ አጠገብ የደረሰ ፎቶ አንሺ ግልገሎቿን በብርድ ወደ ሌላ ጉድጓድ እንድታዛውር ያስገድዳታል፤ ለእኔ ያ ፎቶ አይደለም፣ ዘረፋ ነው። ውሻ አስከትላችሁ አትውጡ። ባሌ ላይ ከውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ በየጊዜው ብዙ ቀበሮ ጨርሷል፤ የእኛዎቹ ጥቂቶች አንድ መጥፎ ክረምት አይችሉም። እረኛ ልጅን ብር ሰጥታችሁ «አባርልኝ» አትበሉት። ስልክ የምትጠቀሙ ደግሞ ፎቶውን ከማሰራጨታችሁ በፊት ቦታ የሚያሳየውን ምልክት አጥፉት።

ሌንስ የለኝም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥሩ ሌንስ የበሬ ጥማድ ዋጋ ነው። ግን ከሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ሌንስ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር በዋግና በላስታ በኩል አልፎ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ መሐንዲሶቹ ካሜራ ይዘው ነበር። ያነሡት ለጦርነት ነው፣ ለእኛ ብለው አይደለም። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ያን ኒሰን የተባሉ የቤልጅግ ምሁርና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ፎቶዎች ይዘው፣ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ በሰሜን ኢትዮጵያ እየፈለጉ፣ በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አነሡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ በብዙ ቦታ የዛሬው ተራራ ከ1868ቱ የበለጠ ዛፍ አለው። «አገሩ ድሮ ደን ነበር፣ እኛ ጨረስነው» እያልን ያደግን ሰዎች ይህን ስናይ ደነገጥን። ያለፎቶው ማን ያምን ነበር?

እኔ ከእናንተ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ገብሱ የሚያልቅበት መስመር የሚታይበት አንድ ድንጋይ ምረጡ። በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ በመስቀል ማግስት አዝመራው በቆመበት፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ቁሙና በስልካችሁ አንድ ጊዜ አንሡ። ካቡም ይግባ፣ ጣሪያውም ይግባ፣ አራሹም ካለ ይግባ፤ ግን ፈቃዱን ጠይቁ። ቀበሮ ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈም ግድ የለም። ገብሱ ወጥቶ እንደሆነ፣ ቆሞ እንደሆነ፣ ወይም ጓሳው ተመልሶ እንደሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ ያዩታል። የእኔን ድንጋይ መርጫለሁ፤ አራት ፎቶ አለኝ። በአራቱ ውስጥ መስመሩ አልተነቃነቀም፣ በሁለተኛው ላይ ግን አዲስ ካብ ተሠርቷል። የሠሩትን ሰው ጠየቅኳቸው፤ «ጭላዳውን ለመከልከል ነው» አሉኝ። በሦስተኛው ፎቶ ላይ ጭላዳው ካቡ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እሰማለሁ። ነገ ጠዋት አብራችሁኝ የምትመጡ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እዚሁ በር ላይ እንገናኝ፤ ጭላዳው ከገደሉ ሳይወጣ መድረስ አለብን። ቆሎ እኔ እይዛለሁ። ዥጉርጉር ጃኬት ያላችሁ ቤት ትታችሁ፣ ጋቢ ለብሳችሁ ኑ።